ሐይቅ ዳር ላሉ ተማሪዎች ሲፒአር (ደረት በመጫንና ትንፋሽ በመስጠት ሕይወት ማዳን) ማስተማር፣ ከየት ልጀምር?

የሐይቁ መምህር፦
ሰላም የወሎ ልጆች። ሐይቅ ከተማ 7ኛና 8ኛ ክፍል ነው የማስተምረው፣ የቀይ መስቀል ክበቡንም የምይዘው እኔ ነኝ። ልጆቹ ከክፍል ሲወጡ ቀጥታ ዋና ነው፣ ብትቆጣም አይሰሙህ። አምና አንዱን ሰምጦ ሲያወጡት እግሩን ይዘው ቁልቁል ዘቅዝቀው አራገፉት፣ አላህ ሲለው ሳል ሳል አለና ተረፈ፣ ይሄው ሰፈሩ ሁሉ መድኃኒቱ መዘቅዘቅ ነው ብሎ አረፈው። ትክክለኛውን ላሳያቸው ብል መለማመጃ አሻንጉሊት የለን፣ አንዱ ባልደረባዬ ደግሞ ይሄ የሐኪም ስራ ነው ልጆቹን አታስፈራራ ይለኛል።

ነርሷ ከደሴ፦
አብሽር መምህር። መጀመሪያ መዘቅዘቁን አስተዋቸው። የሰመጠ ሰው የሚሞተው አየር አጥቶ ነው፣ ውሃ ላውጣ ስትል ደቂቃው ያልቃል፣ ያስመለሰውም ሳንባው ሊገባ ይችላል። ካልነቃና በደንብ ካልተነፈሰ በጀርባው አስተኝቶ፣ አገጩን ቀና አርጎ አፍንጫውን ይዞ በአፉ 5 ትንፋሽ መስጠት፣ ከዛ ደረቱን መሃል ላይ 30 ጊዜ መጫን፣ 2 ትንፋሽ፣ 30፣ 2 እያሉ እርዳታ እስኪደርስ። ትልቅ ሰው ከሆነ ከ5 እስከ 6 ሳንቲሜትር ጠለቅ ይበል። እና በናትህ ዘለው እንዳይገቡ ንገራቸው! ጮኸው ሰው ይጥሩ፣ ክዳኑ የተዘጋ ባዶ ጄሪካን በገመድ ይወርውሩ።

ቦርከና፦
ሀሳቡ ደስ ይላል ግን የ12 ዓመት ልጅ ምን ጉልበት አለው?

ነርሷ ከደሴ፦
@ቦርከና የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 የደገፈው እኮ ከ12 ዓመት ጀምሮ በዓመት 2 ሰዓት ይማሩ የሚለውን ነው፣ ዴንማርክም ከ2005 ጀምሮ በትምህርት ቤት ግዴታ አርጋዋለች። ቀጫጫው ልጅ ጥልቀቱ ላይደርስለት ይችላል፣ ግን አጠገቡ ያለውን ጎረምሳ እዚህ ጋ ተጫን ብሎ ያዘዋል።

ድቤ መቺው፦
አሻንጉሊት ምን ያደርጋል፣ ባዶ ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ክዳኑን አጥብቀህ አሮጌ ጃኬት ውስጥ ጠቅልለው፣ ስትጫነው ይመለሳል። ፍጥነቱ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 አይደል? ስልክህ ላይ ሜትሮኖም (ምት የሚጠብቅ አፕ) 110 ላይ አርግና አንዱ ልጅ በድቤ ይምታላቸው፣ ወላሂ የወሎ ልጅ ምት አይስትም 😂

የሐይቁ መምህር፦
ጀዛኩሙላህ ኸይር። ዛሬ ሞከርነው፣ ሃይላንድ 6 አመጡ፣ ድቤው ግን ጎረቤት ክፍል አስረበሸብን። ያ ባልደረባዬም መጥቶ ተጫነ፣ 2 ደቂቃ ሳይሞላ አላበው፣ ለካ በየ2 ደቂቃው ተቀያየሩ የሚባለው ለዚህ ነው። ሰኞ ልድገመው ብሏል።