የሌሊቱ ስክሪፕት፦ ስለ ትሬድና የጊዜ ገደብ የጋራ ረቂቅ (የዕቅድ ውይይት፣ አንቀጽ 4፤ ተናጋሪዎቹ በድሬዳዋና በሐረር ሰፈራቸው ስም ተጠርተዋል)

ከዚራ (አስተባባሪ)፦
እንደምን አመሻችሁ። ለሸማች ሱቆቹ ቦርድ የምናቀርበው ሐሳብ አንቀጽ 4 ላይ ቆሟል። እስካሁን የተስማማነው የ38ቱ ሱቆች ሽያጭ፣ ከመልካ ጀብዱ እስከ ሐረር ጀጎል ያለው፣ በየሌሊቱ 8 ሰዓት በአንድ ስክሪፕት (በፓይተን ቋንቋ በተጻፈ አጭር ፕሮግራም) ከዚራ ወዳለው ሰርቨር እንዲሰበሰብ ነው። አንድ ሱቅ ዝም ካለ ሌሎቹ 37ቱ ምን ይሆናሉ የሚለው ግን አልተጻፈም። መነሻ ላቅርብ፦ 8 ትሬድ (በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ጎን ለጎን የሚሄዱ የሥራ ክሮች)፣ ለአንድ ሱቅ 90 ሰከንድ፣ ለጠቅላላው ሥራ 10 ደቂቃ። 38 ሱቅ በ8 ትሬድ 5 ዙር ይሆናል፤ 5 ጊዜ 90 ደግሞ 450 ሰከንድ፣ ማለትም 7 ደቂቃ ተኩል። ሁሉም ሱቅ ዝም ቢል እንኳ 10 ደቂቃ ውስጥ እንገባለን። ያለ ትሬድ በየተራ ቢኬድ ያው ክፉ ሌሊት 57 ደቂቃ ይፈጃል። አስተያየታችሁን አምጡ።

መጋላ፦
8 አነሰብኝ። ትሬዶቹ አብዛኛውን ጊዜ መልስ ጠባቂ ናቸው፤ መልስ ሲጠብቁ ደግሞ ፓይተን በአንድ ጊዜ አንድ ትሬድ ብቻ የሚያሠራውን የውስጥ ቁልፉን ስለሚለቅ ፕሮሰሰሩን አይሻሙም። 32 ብናደርገው በ2 ዙር ያልቅ የለ?

ለገሃሬ፦
ወንድሜ፣ ስለ ፕሮሰሰሩ ያልከው ልክ ነው። የሚጠበው ግን መስመሩ ነው። የከዚራው መስመር በሴኮንድ 4 ሜጋቢት ነው እንበል፣ የአንድ ሱቅ ፋይል ደግሞ 2 ሜጋባይት፣ ማለትም 16 ሜጋቢት። 8 ትሬድ ሲካፈለው ለእያንዳንዱ ግማሽ ሜጋቢት ይደርሰዋል፤ ፋይሉ በ32 ሰከንድ ያልቃል። 32 ትሬድ ሲካፈለው አንዱ ፋይል 128 ሰከንድ ይፈጃል፤ ከ90 ስለሚበልጥ 32ቱም አንድ ላይ ገደቡን ያልፋሉ። አንድም ሱቅ ሳይበላሽ 32 ሱቅ ከሪፖርቱ ይቀራል ማለት ነው። 38ቱ ፋይሎች ተደምረው 608 ሜጋቢት ስለሆኑ ትሬድ ቢበዛም ቢያንስም መስመሩ 152 ሰከንድ መውሰዱ አይቀርም። ትሬድ የሚጠቅመን ዝም ያለው ሱቅ የሌላውን ተራ እንዳይበላ ብቻ ነው። 8 ይበቃል፤ ቁጥሩ ግን በማዋቀሪያ ፋይል ይቀመጥ እንጂ ኮዱ ውስጥ አይቀበር።

መጋላ፦
ገባኝ፤ ጥያቄዬን አንስቻለሁ። ይህ ስሌት ራሱ ረቂቁ ውስጥ ይግባ፣ ቦርዱም መጠየቁ አይቀርም።

ሳቢያን፦
ቁጥሩ ላይ እስማማለሁ። የምፈራው አጻጻፉን ነው። ብዙ ሰው ሥራዎቹን ለትሬድ ፑል (ከወረፋ ሥራ እየወሰዱ ለሚሠሩ ትሬዶች ስብስብ) ይሰጥና በሉፕ እየዞረ ከእያንዳንዱ ውጤት በ90 ሰከንድ ገደብ ይጠይቃል። እዚያ ላይ 90ው የሚቆጠረው ውጤቱ ከተጠየቀበት ቅጽበት ነው። ለአንዱ 90 ጠብቆ ሲያልፍ ለሚቀጥለው አዲስ 90 ይጀምራል፤ ገደብ ያበጀንለት ስክሪፕት እስከ 57 ደቂቃ ሊጎተት በሩ ክፍት ነው። የእኔ ሐሳብ፦ ስክሪፕቱ ሲነሳ አንድ ማብቂያ ሰዓት ይሰላ፣ ከዚያ በኋላ ማንኛውም ጥበቃ የሚሰጠው የቀረው ጊዜ ብቻ ይሁን። የሱቁ 90 ሰከንድ ደግሞ ሥራው ወረፋ ከገባበት ሳይሆን ትሬዱ ከያዘበት ይቆጠር፤ አለበለዚያ በ5ኛው ዙር ያሉት ሱቆች ሳይጀምሩ ጊዜያቸው ያልፋል።

ይህ ሁሉ በሞኖቶኒክ ሰዓት (ወደፊት ብቻ በሚቆጥር፣ ቀን ሲታረም በማይዘል) ይለካ፤ በግድግዳው ሰዓት፣ ማለትም ቀንና ሰዓት በሚያሳየው፣ መለካት አያዋጣም። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ፣ በተለይ የማዘርቦርዱ ባትሪ ከደከመ፣ ማሽኑ በተሳሳተ ቀን ይነሳል። ኢንተርኔት ሲያገኝ ሰዓቱ በአንዴ ይዘላል፤ ያን ጊዜ ገና የጀመረው ሥራ ማብቂያው እንዳለፈ ይቆጠራል።

ሐረር (ሸንኮር)፦
ከኔትወርኩ በኩል ሦስት ነገር ልጨምር።

ለሱቆቹ ጥሪ የምንልክበት ሪኩዌስትስ የሚባለው የፓይተን ላይብረሪ ካልነገሩት በቀር የጊዜ ገደብ የለውም። አንዷን ጥሪ ረስተን ከተውናት ያ ትሬድ እስከ ነገ ሊቆም ይችላል። ስለዚህ ጥሪው በአንድ የጋራ ፈንክሽን ብቻ ይለፍ፣ ገደብ ያልተሰጠው ጥሪ ደግሞ ስህተት አውጥቶ ይቁም።

ገደቡ ሁለት ነው፦ የመገናኛ እና የንባብ። ለመገናኛ 5፣ ለንባብ 20 ሰከንድ እላለሁ። ነገር ግን የንባቡ 20 ሰከንድ ለጠቅላላው ፋይል አይደለም፤ በአንድ የዳታ መምጣትና በሚቀጥለው መካከል ላለው ዝምታ ነው። ከደንገጎ ወዲህ ላሉ ሱቆች ሲግናሉ ሲደክም ይህ ወሳኝ ነው፤ በየ19 ሰከንዱ ጥቂት ባይት የሚልክ መስመር ገደቡን ሳይነካ ሌሊቱን ሙሉ ሊያዘግም ይችላል። ፋይሉን 1024 ባይት በ1024 ባይት እያነበብን በየቁራጩ ማብቂያ ሰዓቱን እንይ። እሱም ቢሆን ፍጹም አይደለም፤ ቁራጩ እስኪሞላ ድረስ ንባቡ ውስጥ እንደተያዝን ነን። ለዚህ ነው ከስክሪፕቱ ውጭ ሆኖ የሚያስቆመው የውጭ አጥር የሚያስፈልገን።

ሦስተኛው፣ የመገናኛው 5 ሰከንድ ስም ወደ አድራሻ የሚቀየርበትን ጊዜ አይጨምርም። ሊኑክስ ካልተቀየረ በቀር ለአንድ ኔምሰርቨር (ስምን ወደ አድራሻ ለሚቀይር ሰርቨር) 5 ሰከንድ እየጠበቀ ሁለት ጊዜ ይሞክራል፤ ሁለት ኔምሰርቨር ካለ 20 ሰከንድ በዚያ ብቻ ያልቃል። የሱቆቹ አድራሻ በሆስትስ ፋይል (በማሽኑ የራሱ የስምና የአድራሻ ዝርዝር) ይጻፍ።

ሳቢያን፦
እህቴ፣ የውጭ አጥር ያልሽው የጉዳዩ ልብ ነው። ረቂቁ ውስጥ በደማቁ እንዲጻፍ የምጠይቀው ይህንን ነው፦ መጠበቅን መተው ሥራውን ማስቆም አይደለም። የጊዜ ገደብ አልፎ ስህተት ሲነሳ የቆመው ጠባቂው ነው፤ ትሬዱ ያው ሥራው ላይ ነው። ፓይተን ትሬድን ከውጭ የሚገድልበት መንገድ አልሰጠም። የተጀመረ ሥራ ‹ሰርዝ› ሲባል እምቢ ይላል፤ የሚሰረዘው ወረፋ ላይ ያለው ብቻ ነው። ፑሉን ሲያልቅ ራሱ በሚዘጋው በ‹ዊዝ› ብሎክ ከከፈትን ደግሞ ከብሎኩ ስንወጣ ሁሉም ትሬድ እስኪጨርስ ይጠብቃል፤ በ10 ደቂቃ የተነሳው ስህተት እዚያው በር ላይ ታግዶ ይቀራል። ሎጉ (የሥራ መዝገቡ) ላይ ምንም አይታይም፣ ስክሪፕቱ ግን አልወጣም።

ስለዚህ ‹ዊዝ› ይቅር። ማብቂያው ሲደርስ ፑሉ ሳይጠብቅና ወረፋውን ሰርዞ እንዲዘጋ ይታዘዝ፤ ወረፋ የመሰረዙ አማራጭ የመጣው ከፓይተን 3.9 ጀምሮ ነው። ትሬዶቹም ‹ይቁም› የሚል አንድ የጋራ ምልክት በየሙከራው መካከል ይዩ። በሙከራዎች መካከል የሚያርፉትም በስሊፕ (ለተወሰነ ሰከንድ ዝም ብሎ በመተኛት) ሳይሆን ያንኑ ምልክት በመጠበቅ ይሁን፤ ምልክቱ ሲነሳ ወዲያው ይነቃሉ።

ለገሃሬ፦
ያም ሆኖ ንባብ ላይ የተያዘው ትሬድ ምልክቱን አያይም። ፓይተን ደግሞ ሲወጣ የፑሉን ትሬዶች ይጠብቃል። በግድ የሚያስወጣውን ‹ኦኤስ ኤግዚት› እንጠቀም ወይ?

መጋላ፦
ኧረ አቦ፣ ዳታቤዝ ላይ እየጻፈ ያለ ትሬድ ካለስ?

ሳቢያን፦
እንዳይኖር እናድርግ። ትሬዶቹ ፋይል አምጥተው፣ አጣርተው ወረፋ ላይ ያስቀምጡ እንጂ ዳታቤዝ አይንኩ። የሚጽፈው ዋናው ትሬድ ብቻ ይሁን፤ ለአንድ ሱቅ አንድ ትራንዛክሽን (ወይ ሙሉ በሙሉ የሚጻፍ፣ ወይ ጨርሶ የማይጻፍ)። ዳታቤዛችን ኤስኪውላይት በአንድ ጊዜ አንድ ጸሐፊ ብቻ ነው የሚቀበለው፤ የፓይተኑ ሞጁል ተራ ለመጠበቅ 5 ሰከንድ ይታገሥና ‹ዳታቤዙ ተቆልፏል› ይላል። በአንድ ትሬድ የተከፈተን ግንኙነት ሌላው ትሬድ ሲጠቀምበትም ስህተት ያነሳል። ጸሐፊው አንድ ከሆነ ሁለቱም ችግር የለም፤ የመጨረሻው ኮሚት (ትራንዛክሽኑን የሚያጸድቀው ጽሕፈት) ካለቀና ሎጉ ወደ ዲስክ ከተጻፈ በኋላ በግድ መውጣት ማንንም አይጎዳም። ቅደም ተከተሉ ግን በትክክል ይጻፍ፤ ‹ኦኤስ ኤግዚት› በሜሞሪ የቀረ ሎግ አይጽፍልንም።

ሐረር (ሸንኮር)፦
የድጋሚ ሙከራውን እኔ ላስቀምጥ። ቢበዛ 3 ሙከራ፣ በመካከል 2 ከዚያ 6 ሰከንድ፣ ሱቆቹ አንድ ላይ እንዳይነሱ በዘፈቀደ እስከ 1 ሰከንድ ተጨምሮ። የሱቁ ቀሪ ጊዜ ከ10 ሰከንድ በታች ከሆነ አዲስ ሙከራ አይጀመር። ሎጉ ‹አልተሳካም› ብሎ አይለፍ፤ ሦስቱ ይለያዩ። ወዲያው ‹ተከለከለ› ካለ ማሽኑ በርቷል፣ ፕሮግራሙ ግን አልተነሳም፤ አንድ ድጋሚ ይበቃዋል። 5 ሰከንድ ሙሉ ዝም ካለ መብራት ወይም ራውተር ነው። ተገናኝቶ ከተቋረጠ መስመሩ ነው። ጠዋት ባለሙያ የሚላክበት ቦታ በዚህ ይወሰናል።

አንድ ነገር እንዳይረሳ፦ ‹ጊዜው አለፈ› ማለት ‹አልተደረገም› ማለት አይደለም። ለሱቁ ‹ደርሶኛል› ብለን ስንልክ መልሱ ከጠፋ፣ ሱቁ ሰምቶ ይሆናል ላይሆንም ይችላል። ካልሰማ የዛሬውን ነገ ይደግመዋል። በሱቅ ቁጥርና በደረሰኝ ቁጥር ድግግሞሽ የማይቀበል ቁልፍ ካላበጀን አንዱ ሽያጭ ሁለት ጊዜ ይደመራል።

ከዚራ (አስተባባሪ)፦
ይህንን አንቀጽ 3 ውስጥ፣ ከዳታቤዙ ሠንጠረዥ ጋር አስገባዋለሁ። የውጭ አጥሩን ማን ይጽፋል?

ለገሃሬ፦
እኔ። የሊኑክሱ ‹ታይምአውት› ትእዛዝ በ720 ሰከንድ ‹ተርም› (‹ጨርሰህ ውጣ› የሚል ምልክት) ይልካል፣ ከዚያ 30 ሰከንድ ቆይቶ ካልወጣ ‹ኪል› (በግድ የሚገድለውን)። የመውጫ ቁጥሩ 124 ከሆነ በመጀመሪያው ምልክት ወጥቷል፤ 137 ከሆነ በግድ ተገድሏል፤ ሁለቱም ለአስተባባሪው መልእክት ይላኩ። ‹ተርም› ሲመጣ ፓይተን ካልተነገረው በቀር ‹ፋይናሊ› ያሉትን (የመጨረሻ ማጽጃ ሥራዎች) እንኳ ሳይፈጽም ይሞታል። ምልክቱን የሚቀበል ፈንክሽን በዋናው ትሬድ ይመዝገብ፣ እሱም ‹ይቁም› የሚለውን ያንሳ፤ 30ው ሰከንድ የቀረውን ለመጻፍ ነው።

ከዚህ ውጭ ‹ፍሎክ› (ፋይል የሚቆልፈው የሊኑክስ ትእዛዝ) በማይጠብቅ አማራጩ ይሸፍነው፤ አንዱ ሳያልቅ ሌላው አይነሳም። የፕሮሰስ ቁጥር ፋይል ላይ መጻፍ ለእኛ አይሆንም፤ መብራት ሲጠፋ ፋይሉ ይቀርና በማግስቱ ስክሪፕቱ አልነሳም ይላል። የፍሎክ ቁልፍ ግን ከፕሮሰሱ ጋር ይጠፋል።

ስክሪፕቱን በሰዓቱ በሚያስነሳው ክሮን ላይ ደግሞ ለሰዓቱ ጥንቃቄ ይደረግ። ሌሊት 8 ሰዓት በ24 ሰዓት አቆጣጠር 2 ነው። ሰርቨሩ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ከተተወ 23 መሆን አለበት፣ ቀኑም የትናንቱ ይሆናል፤ ሪፖርቱ በአንድ ቀን ይሳሳታል። ሰርቨሩን በአዲስ አበባ የሰዓት ክልል እናስቀምጠው።

መጋላ፦
ፈተናውን ለእኔ ተዉት። አራት የውሸት ሱቅ አዘጋጃለሁ፦ ተቀብሎ የማይመልስ፣ በየ15 ሰከንዱ አንድ ባይት የሚያንጠባጥብ፣ በፋየርዎል በዝምታ የሚጥል፣ ፖርቱ የተዘጋ። ከ34 ጤነኞች ጋር ይሮጣሉ፤ 34ቱ ተጽፈው ስክሪፕቱ ከ10 ደቂቃ በፊት ካልወጣ ረቂቁ አይላክ። ከፓይተን 3.11 በታች የትሬድ ፑሉ የጊዜ ስህተትና የፓይተኑ የራሱ ሁለት የተለያዩ ናቸው፤ አንዱን ብቻ የያዘ ኮድ ሌላውን ያመልጠዋል። ስለዚህ ሰርቨሩ ላይ ባለው ስሪት ነው የምፈትነው።

ከዚራ (አስተባባሪ)፦
እንግዲህ አንቀጽ 4 እንዲህ ይሆናል፦ 8 ትሬድ፣ ለሱቅ 90 ሰከንድ፣ ለስክሪፕቱ 600፣ ለውጭ አጥሩ 720 ሲደመር 30። ጸሐፊ አንድ፣ ማብቂያ ሰዓት አንድ። የመስመሩን ስሌት ለገሃሬ፣ የሎጉን ሦስት መለያ ሐረር ትጽፋለች። የሳቢያንን ደማቅ ዓረፍተ ነገር እንዳለ አስገብቻለሁ። መጋላ የፈተናውን ውጤት እስከ ሐሙስ ማታ ያምጣ፤ ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ከዚራ ተገናኝተን እንፈርማለን።