አስቸኳይ፦ ጨቅላዋ ወገቧ ላይ እብጠት ይዛ ተወለደች

ጓሳ፦ ሰላም ለሁላችሁ። እህቴ ዛሬ ሌሊት መንዝ ጤና ጣቢያ ተገላገለች። ልጅቷ ወገቧ ላይ ቀይ ከረጢት የመሰለ ነገር አለባት፤ ውኃ ያንጠባጥባል። ወደ ደብረ ብርሃን ሪፈር ጻፉልን። እናታችን ግን «ሰማንያዋ ሳይሞላ፣ ክርስትና ሳትነሳ፣ በዚህ ብርድ የት ትወስዷታላችሁ?» ብላ አልቅሳ ይዛናለች። ጎረቤቱ ደግሞ «የወሊድ መከላከያ መርፌው ነው እንዲህ ያደረጋት» ይላል። ምን እናድርግ? ቶሎ!

ሞላሌ፦ ለእህትህ እንኳን ማርያም ማረችሽ በልልኝ። እኛ ሰፈር ለእብጠት ለጋ ቅቤ ይቀባል።

ሲስተር ጠባሴ፦ ኧረ ቅቤ እንዳይነካው! ምንም አይቀባም። ጓሳ፣ እግሯን ታንቀሳቅሳለች? ትጠባለች? አልነገርከንም። ፈሳሽ ካለው ክፍት ነው ብላችሁ ያዙት። የጤና ጣቢያው ሰዎች ንጹሕ ጎዝ በኖርማል ሳላይን (በሕክምና የጨው ውኃ) አርሰው ይሸፍኑላችሁ፤ ከላዩ ንጹሕ ፕላስቲክ ይደረግ፣ እንዳይደርቅ። በጀርባዋ አታስተኟት። በጎኗ ወይም በሆዷ ትተኛ፣ ፊቷ ወደ ጎን ይሁን፣ ትንፋሿን እያያችሁ። ሰገራ ቁስሉን እንዳይነካው። እናቷ አብራ ትሂድ፣ ጡት እያጠባች። ዛሬውኑ ውጡ።

የአንኮበር ልጅ፦ ይህ ስፓይና ቢፊዳ ይባላል። ጽንሱ ገና የምስር ፍሬ ሲያክል ጀርባው ላይ ያለው ዝርግ አካል ተጠቅልሎ ቱቦ ይሆናል። አንጎልና ህብለ ሰረሰር የሚሠሩት ከዚህ ቱቦ ነው። ከተፀነሰ በ28 ቀን ገደማ ተዘግቶ ያልቃል። ብዙ ሴት በዚያ ሰዓት ማርገዟን እንኳ አታውቅም። ታች ሳይዘጋ ሲቀር እንዲህ ወገብ ላይ ይወጣል። በ1991 እ.ኤ.አ. የወጣ የእንግሊዝ ጥናት፣ እንዲህ ያለ ልጅ ወልደው የሚያውቁ እናቶች ከእርግዝና በፊት ጀምረው ፎሊክ አሲድ የሚባለውን ቫይታሚን ሲወስዱ ችግሩ የመደገሙ ዕድል በ72 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል።

ዝናቡ፦ መምህር፣ ክፍለ ጊዜው ለማታ ይተላለፍልን! ጓሳ፣ አምቡላንስ ጠይቁ። የጤና መድህን ደብተሩንና የሪፈር ወረቀቱን ያዙ፤ ያለ ወረቀቱ መድህኑ ያስቸግራችኋል።

ይፋት፦ የመርፌውን ወሬ ተዉት፣ እሱ አይደለም ምክንያቱ። አደጋውን የሚጨምሩት የፎሊክ አሲድ እጥረት፣ ሳይቆጣጠሩት የቆየ የስኳር ሕመም፣ ቫልፕሮኤት የሚባለው የሚጥል በሽታ መድኃኒት፣ የዘር ጉዳይም አለበት። አራሷን በሐሜት አታቁስሏት። ምንም ያጠፋችው ነገር የለም።

የቄስ ልጅ፦ ለእናታችሁ ንገሯቸው፦ ሕፃን በጠና ከታመመ ሰማንያው አይጠበቅም፤ ካህኑ ቀድሞ ያጠምቃል። የነፍስ አባታቸው ይደውሉላቸው። መንገዱን ግን እንዳያዘገየው።

ሞላሌ፦ ጎዙን በሳላይን አርሱት፣ እንዳይደርቅ!

ጓሳ፦ ትጠባለች። እግሯን ግን አታንቀሳቅስም። አምቡላንስ መጣ። እናቴም እሄዳለሁ ብላ ጋቢዋን ለብሳለች።

ሲስተር ጠባሴ፦ ተመስገን። በደንብ ሸፍናችሁ አሙቋት። ከደብረ ብርሃን ወደ አዲስ አበባ ሊልኳችሁ ይችላሉ፤ የሕፃናት የነርቭ ቀዶ ሕክምና በዘውዲቱና በጥቁር አንበሳ ይሠራል። ቁስሉ በመጀመሪያዎቹ 2 ወይም 3 ቀናት ውስጥ ቢዘጋ ይመረጣል፣ ማጅራት ገትር እንዳይከተል። ደፍሬ ልንገርህ፣ ቀዶ ሕክምናው የደከመውን እግር አይመልስም። ተጨማሪ ጉዳትን ነው የሚከላከለው። ራሷ ውስጥ ውኃ ሊጠራቀም ስለሚችል ጭንቅላቷ እየተለካ ይታይ።

ሞላሌ፦ ሲስተር፣ እኔም ልጅ አስቤአለሁ። በክትትል ጊዜ የሚሰጡን የደም ኪኒን አይበቃም?

ሲስተር ጠባሴ፦ ፎሊክ አሲድ አለው፣ ግን ክትትል ስትጀምሪ ቱቦው የሚዘጋበት ጊዜ አልፏል። የወሊድ መከላከያ የምትጠቀሚ ከሆነ ለማቆም ስታስቢ ጀምሪ፤ በቀን 400 ማይክሮ ግራም፣ ከማርገዝሽ ቢያንስ 1 ወር በፊት፣ ካረገዝሽ በኋላም እስከ 3 ወር። ባቄላውም ምስሩም ጎመኑም ጥሩ ነው፤ ብቻውን ግን አይተማመኑበትም። የጓሳ እህት ዳግም ከመፀነሷ በፊት ሐኪም ታማክር፤ ለእሷ የሚታዘዘው በቀን 4 ሚሊ ግራም ነው። ጓሳ፣ ደብረ ብርሃን ስትደርሱ ጻፍልን።