አስቸኳይ! የአራት ኖድ ቮልቴጅ ባንድ ላይ አልታይ አለኝ

ጠያቂ (ኮዬ ፈጬ)፦
ሰላም ቤተሰብ፣ እባካችሁ ድረሱልኝ። ነገ ጠዋት 2፡30 ፕሮጀክት አቀርባለሁ፤ ሰርኪዩቱን በኮምፒውተር ሲሙሌት እያደረግሁ ነው። የ220 መግቢያው፣ ከትራንስፎርመር የሚወጣው 12፣ ከዳዮዶቹ በኋላ ያለው፣ መጨረሻ ላይ 5 ቮልቱ፤ የአራቱም ኖዶች (የሽቦ መገናኛ ነጥቦች) ግራፍ ባንዴ መታየት አለበት። ስክሪኑ ላይ አንዱን ሽቦ በማውስ ስነካ ይመጣል፣ ሌላውን ስነካ የፊተኛው ድራሹ ይጠፋል። ሁለቱ አብረው ሲመጡ ደግሞ 5 ቮልቱ ታች ተለጥፎ ይቀራል። ሰርኪዩቱ ተበላሽቶ ይሆን? ላፕቶፑ 40 ፐርሰንት ነው፣ መብራቱ ብልጭ ድርግም እያለ ነው።

የጀሞ ልጅ፦
በምን ፕሮግራም ነው የምትሠራው?

ጠያቂ፦
ይቅርታ፣ ኤልቲስፓይስ።

መምህር ነኝ፦
ልጄ፣ መጀመሪያ መሠረቱን ያዝ። ቮልቴጅ ሁልጊዜ የሁለት ነጥብ ልዩነት ነው። አንዱን ኖድ ብቻ ስትነካ የምታየው ከግራውንድ (ዜሮ ቮልት ከተባለው ነጥብ) ያለውን ልዩነት ነው። ግራውንዱን ከዳዮዶቹ በኋላ ኔጌቲቩ ላይ ካደረግኸው፣ የትራንስፎርመሩን አንድ ጫፍ ስትነካ የምታየው ሙሉ ሳይን (ከዜሮ በላይና በታች የሚወዛወዝ ሞገድ) ሳይሆን ግማሽ ግማሽ ጉብታ ነው። ይህን አይተው ዳዮድ የቀየሩ ተማሪዎች አውቃለሁ። በማውስ አንዱ ጫፍ ላይ ተጭነህ ሳትለቅ ወደ ሌላው ጫፍ ጎትት። ቀዩ ፕሮብ (የመለኪያው ምልክት) መነሻው ላይ ይቀራል፣ ጥቁሩ መድረሻው ላይ ያርፋል፣ ሙሉው ሳይን ይወጣል።

ለቡ ጥገና፦
ግራፉ ላይ ራይት ክሊክ፣ አድ ትሬስ (የግራፍ መስመር ጨምር)፣ ከዝርዝሩ አራቱንም ምረጥ፣ ኦኬ። አለቀ።

ሱሉልታ 50 ኸርዝ፦
ከግራፉ በፊት ሌላ ነገር ልጠይቅህ፤ ሳይኑ ላይ አምፕሊቲዩድ ስንት አልከው?

ጠያቂ፦
220

ሱሉልታ 50 ኸርዝ፦
በል እሱን አስተካክል። ፕሮግራሙ የሚጠይቅህ የሞገዱን ከፍተኛ ጫፍ ነው። የግድግዳው 220 አርኤምኤስ (የሞገዱ ውጤታማ መጠን) ስለሆነ ጫፉ 311 ገደማ ይደርሳል። አንተ የሰጠኸው 156 አርኤምኤስ ነው፤ 12ቱም በዚያው ልክ ወርዶብሃል። ነገ ገምጋሚ መጀመሪያ የሚይዝህ እዚህ ላይ ነው።

ሰበታ፦
እኔ የምሠራው በሌላ ፕሮግራም፣ በኤንጂስፓይስ ነው። ፕሎት ብዬ የኖዶቹን ስም አከታትዬ እጽፋለሁ፣ ሁሉም ባንድ ይወጣል።

የጀሞ ልጅ፦
እኔም አድ ትሬስ እላለሁ።

ትራፎ ጠምጣሚ፦
ወንድሜ፣ ሰርኪዩትህ ምንም አልሆነም። ሽቦውን ሁለቴ እየነካኸው ነው! ኤልቲስፓይስ ላይ ያንኑ ኖድ ሁለቴ ስትነካ ሌላውን ሁሉ አጥፍቶ እሱን ብቻ ያሳያል። አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ንካ። 5 ቮልቱ የተለጠፈው ከ220ው ጋር ባንድ ስኬል ስለሆነ ነው። ግራፉ ላይ ራይት ክሊክ አድርገህ አድ ፕሎት ፔን በል፣ ሌላ ባዶ ግራፍ ይከፈታል። 220ውን በፊተኛው ላይ ተወው፣ 5ቱን በአዲሱ ላይ አውጣው። ሰዓቱ ለሁለቱም አንድ ነው፣ አንዱ ዙር 20 ሚሊ ሰከንድ፣ ስለዚህ ማወዳደር ትችላለህ። ሲያልቅ ሴቭ ፕሎት ሴቲንግስ በል፤ መብራት ቢሄድብህ እንኳ ትሬሶቹን እንደገና አትለቅምም።

መምህር ነኝ፦
ትክክል። ኖዶቹንም ስም ስጣቸው፣ ገምጋሚ ፊት ፕሮግራሙ ራሱ የሚሰጠው ኤን 003 ዓይነት ስም አይነበብም።

ሱሉልታ 50 ኸርዝ፦
ሆነልህ?

ትራፎ ጠምጣሚ፦
ልጁ የት ገባ?

ኮዬ ብሎክ ጎረቤት፦
እኔም ኮዬ ነኝ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ጀምሮ መብራት የለም። ወንድሜ፣ በስልክ ካየኸው ቻርጁ ሙሉ የሆነ ላፕቶፕ አለኝ፤ የትኛው ብሎክ እንደሆንክ በውስጥ ጻፍልኝና ይዤልህ ልምጣ።