ለሳይክልም ለተራራም ለሥራም የሚሆን አንድ ቦርሳ ምረጡልኝ

እባካችሁ ወገኖቼ፣ ቦርሳ መምረጥ አቅቶኛል። የምኖረው ጎንደር ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ላፕቶፕ አንግቤ ከአዘዞ ፒያሳ እመላለሳለሁ። ቅዳሜ ጠዋት በማውንቴን ባይክ የቁስቋምን ዳገት እወጣለሁ። ሲመቸኝ ደግሞ ደባርቅ ድረስ ሄጄ ስሜን ተራሮች ላይ በእግሬ እጓዛለሁ። ለሦስቱም አንድ ቦርሳ ነው የምፈልገው። ሁለት መግዣ የለኝማ!

አሁን የያዝኩት የተማሪነት ዘመን ቦርሳዬን ነው። የደረትም የወገብም ማሰሪያ የለውም። ባለፈው ቁልቁለት ስወርድ ወደ ጎን ተንሸራቶ ሊደፋኝ ነበር። ዝናቡንም አይችልም፤ ለመንገድ የቋጠርኩት ቆሎ ሹሮ ሆኖ ነው የደረሰው።

ገበያ ወጥቼ ሁለት አየሁ። አንዱ 18 ሊትር ነው። ጀርባ ላይ ልጥፍ ይላል፣ ለሳይክል ግሩም ነው። ግን ስሜን ተራሮች ላይ ባለው የሳንቃበር ካምፕ ብርዱ ቀልድ አይደለም። ጃኬት፣ የዝናብ ልብስ፣ ምሳና 2 ሊትር ውሃ የት ይገባል? ሌላው 30 ሊትር ነው። የዝናብ ሽፋን አለው፣ ጀርባው ወጠር ያለ መረብ ስለሆነ አየር ያስገባል። ችግሩ፣ መረቡ ሸክሙን ከጀርባ ያርቀዋል። ሳይክል ላይ ሲወዛወዝ ከወዲሁ ይታየኛል።

ልቤ ወደ 25 ሊትር ያደላል። የሞከራችሁ ካላችሁ ንገሩኝ፦ ግማሹ ባዶ ሲሆን የጎን ማሰሪያውን ማጥበቅ መወዛወዙን ያስቀረዋል? ላፕቶፑንስ በቱቦ የሚጠጣው የውሃ ከረጢት በሚገባበት የውስጥ ኪስ ብከተው ይደላደላል?