ጥቆማ፦ እንግዳ ይዞ ከቱሉ ዲምቱ ወደ መሀል ከተማ ለሚገባ፣ የትኛው ሙዚየም፣ የት ዘፈን?

ባለፈው ሳምንት አንድ የብሎካችን ሰው ደረጃ ላይ አስቁሞኝ «አክስቴ ከወሎ ትመጣለች። ሁለት ቀን ነው ያላት። የት የት ልውሰዳት?» አለኝ። ቆሜ የመለስኩለት በጣም አጭር ነበር። ሰፋ አድርጌ ልጻፈው፤ አዲስ አበባ ዳር ላይ ለምንኖር ሰዎች ጥያቄው የሁላችንም ነው። እኛ «ከተማ ገባሁ» የምንለው ለጉዳይ ነው። ለክፍለ ከተማ፣ ለሐኪም፣ ለልቅሶ። ሙዚየም ለማየት ብሎ ሁለት ሦስት ታክሲ የሚይዝ ጎረቤት ብዙ አላውቅም። እኔንም ያስጀመረችኝ እናቴ ናት።

እማዬ ከጎጃም ሁለት ጊዜ መጥታለች። መጀመሪያ ስትመጣ በአንድ ቀን አራት ቦታ አዞርኳት። ማታ እግሯን ሙቅ ውኃ ውስጥ ነክራ «ልጄ፣ ዛሬ ምን ምን አየን?» አለችኝ። ልቤ ተነካ። በሁለተኛው ጉዞዋ ሁለት ቦታ ብቻ መረጥኩ። ማታ ደግሞ፣ ጠዋት በመስታወት ውስጥ ያየችውን ማሲንቆ ሰው ሲጫወትበት እንድትሰማ ወሰድኳት። እስካሁን ስልክ በደወለች ቁጥር የምታነሳው ያንን ቀን ነው። ስለዚህ ዋናው ጥቆማዬ ይኸው ነው፦ ጥቂት እዩ፣ ጠዋት ያያችሁትን ማታ ስሙት።

መጀመሪያ መንገዱ። ቅዳሜን ምረጡ፤ ከጠዋቱ 1 ሰዓት በፊት ውጡ። ከዚያ ካለፈ በቃሊቲ በኩል ያለውን መጨናነቅ ታውቁታላችሁ። እኛ የምንመርጠው በመገናኛ በኩል ነው፤ ከመገናኛ አራት ኪሎ ታክሲ አይጠፋም። አንበሳ ወይም ሸገር አውቶቡስ ከመነሻው ከያዛችሁ ርካሽ ነው፣ ለአሮጊትም መቀመጫ ይገኛል፤ ግን ይዘገያል። አራት ሰው ከሆናችሁ ራይድ ጠርቶ መካፈል ከሁሉም ይሻላል። ጠዋት ጉልበት ሳይባክን መድረስ ትልቅ ነገር ነው። መታወቂያ አትርሱ። ለኢትዮጵያዊ የመግቢያ ዋጋው ከውጭ ዜጋው በጣም ያነሰ ነው።

አሁን ወደ ትልቁ ጥያቄ፦ ብሔራዊ ሙዚየም ወይስ ስድስት ኪሎ?

ሁለቱ በአንድ መንገድ ላይ ናቸው። ብሔራዊ ሙዚየም አምስት ኪሎ አካባቢ ነው። ወደ ላይ ሩብ ሰዓት ያህል በእግር ስትሄዱ የዩኒቨርሲቲውን ግቢ ታገኛላችሁ፤ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም እዚያ ውስጥ ነው። ልጆች ካሉ ብሔራዊ ሙዚየምን አስቀድሙ። በትምህርት ቤት የሰሟት ድንቅነሽ እዚያ ናት። ኅዳር 1967 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ ተገኘች፤ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ነው። ከመላው አጽሟ 40 በመቶ ያህሉ ተገኝቷል። ለእይታ የቀረበው ቅጂ መሆኑን ለልጆቹ ቀድማችሁ ንገሯቸው። ዋናው አጥንት ለደኅንነቱ ተብሎ ለብቻው ይጠበቃል። ልጄ ይህን ከአስጎብኚው ሲሰማ ቅር ብሎት ነበር። በኋላ ግን የሕፃኗን የሰላምን ታሪክ ሲሰማ ዓይኑ በራ። እሷ ዲኪካ ላይ የተገኘች የ3.3 ሚሊዮን ዓመት ሕፃን ናት፤ ያገኛትም ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ነው።

ብዙ ሰው ድንቅነሽን አይቶ ይወጣል። እባካችሁ አትውጡ። ላይ ፎቅ የሥዕል ክፍሎች አሉ፤ የሜትር አርቲስት አፈወርቅ ተክሌ ትልቅ ሥዕልም እዚያ ይገኛል። ከፊቱ ተቀምጦ አሥር ደቂቃ ማየት ያን ሁሉ መንገድ ያስረሳል።

ለእንግዳዬ አንዱን ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ግን ያለምንም ማመንታት ስድስት ኪሎን እላለሁ። በተለይ እንግዳዋ ከገጠር የመጣች እናት ከሆነች። ቤቱ ራሱ ታሪክ ነው፤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ጊዜ የታገቱት ባለሥልጣናት የተገደሉት እዚሁ ነው። በዓመቱ ንጉሡ ግቢውን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡት። የንጉሡ መኝታ ክፍልና መታጠቢያ ቤት ዛሬም ይታያል።

እማዬን ያስደሰታት ግን ሌላ ነው። ዕቃዎቹ በብሔረሰብ ተከፋፍለው አይደለም የተደረደሩት። ከልደት እስከ ሞት ባለው የሰው ዕድሜ ተራ ነው የተቀመጡት። ልደቱ፣ ልጅነቱ፣ ሠርጉ፣ ሥራው፣ ሞቱ። እማዬ አገልግሉን ስታይ ቆመች። ከዚያ ለአንዲት ተማሪ ቆዳው እንዴት እንደሚለፋ፣ ስፌቱ ከየትኛው ሣር እንደሚሠራ ማስረዳት ጀመረች። ትንሽ ቆይቶ አምስት ስድስት ልጆች ከበቧት። ዕድሜዋን ሙሉ በእጇ የሠራችው ነገር በመስታወት ተከብሮ ሲቀመጥ ማየቷ ቀና አድርጎ አስኬዳት። ያን ቀን እናቴን ያየሁበት ዓይን ሌላ ነው።

ፎቁ ላይ የመስቀሎችና የጥንት ሥዕሎች ስብስብ አለ። አንድ ነገር ልጠቁማችሁ፦ በአሮጌው የቤተ ክርስቲያን አሳሳል ደጋግ ሰዎች ሁለት ዓይናቸው ይታያል፣ ፊታቸው ወደ እኛ ነው። ክፉዎቹ በጎን ይሳላሉ፣ አንድ ዓይን ብቻ። ይህን ካወቃችሁ ሥዕሉን ማንበብ ትችላላችሁ። የሙዚቃ መሣሪያዎቹ ጋ ደግሞ ቆም በሉ። ማሲንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንት፣ ዐሥር አውታር ያለው በገና። ማታ የምትሰሙትን ከዚህ ምረጡ።

ስትወጡ ፊት ለፊት ያለውን የደረጃ ሐውልት አትለፉት። ጣሊያን በወረራው ጊዜ የሠራው ነው፤ እያንዳንዱ ደረጃ የፋሺስቶችን አንድ የሥልጣን ዓመት ይቆጥራል። ከነጻነት በኋላ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። ከግቢው ውጭ አደባባዩ ላይ ደግሞ የየካቲት 12 ሐውልት አለ። 1929 ዓ.ም. ያለቁትን ሰዎች ያስታውሳል። እማዬ እዚያ ስትደርስ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች።

ጉልበት ከተረፋችሁ እዚያው ስድስት ኪሎ ዘመናዊ የሥነ ጥበብ ሙዚየሙ አለ፣ የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል የሚባለው። ገብረ ክርስቶስ ሐረር የተወለደ ሠዓሊና ገጣሚ ነበር። ቤቱ ጸጥ ያለ ነው። እኔ ለብቻዬ ስሆን ነው የምሄደው፤ ለእማዬ አልተስማማትም።

እንጦጦን ለሁለተኛው ቀን አቆዩት። ከስድስት ኪሎ ሽሮ ሜዳ፣ ከሽሮ ሜዳ እንጦጦ፣ ታክሲ አለ። ብርዱ ከታች ካለው በጣም የተለየ ነው፤ ለእንግዳችሁ ጋቢ ያዙ። አፄ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. የነገሡት እንጦጦ ማርያም ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ያለው ሙዚየም ትንሽ ነው፤ የዘመኑ አልባሳት፣ ከበሮና የንግሥና ስጦታዎች አሉበት። የምኒልክ ቤት ደግሞ የጭቃና የእንጨት ነው፤ ቤተ መንግሥት የሚለውን ቃል ሰምቶ የሚመጣ ሰው ዝምታው ይገርመዋል። በማርያም ቀን በማለዳ ከደረሳችሁ ማኅሌቱን ትሰማላችሁ። ከበሮና ጸናጽል በሙዚየም ካያችሁ በኋላ ያንን መስማት ሌላ ነው። ስትወርዱ ሽሮ ሜዳ የሀበሻ ልብስ ግዙ። ከቦሌ ሱቆች ዋጋው የተሻለ ነው፤ ብቻ ጥለቱ በእጅ የተሠራ መሆኑን ገልብጣችሁ ከጀርባው እዩ።

አሁን ዘፈኑ። እዚህ ላይ ገንዘቤንም ምሽቴንም አባክኛለሁ፤ እናንተ አታባክኑ።

መጀመሪያ የወሰድኳት አንድ ትልቅ የባህል ምግብ ቤት ነበር። ምግቡ ጥሩ፣ ውዝዋዜው የሚያምር። ግን የድምፅ ማጉያው ከአቅም በላይ ተከፍቶ ማሲንቆው ሊሰማ አልቻለም። እማዬ ጆሮዋን በነጠላዋ ሸፈነች። ሒሳቡ ሲመጣ ያላዘዝነው ነገር ነበረበት፣ ተከራክረን ነው የተነሳው። እንዲህ ዓይነት ቤት ከመረጣችሁ ከመድረኩ ራቅ ያለ ጠረጴዛ አስይዙ፤ ሰርቪስ ቻርጅ መኖር አለመኖሩንም ቀድማችሁ ጠይቁ። የየክልሉን ውዝዋዜ በአንድ ምሽት ማየት ለሚፈልግ እንግዳ ግን ይጠቅማል።

ለእናት የሚመቸው አዝማሪ ቤት ነው። ካዛንቺስ የአዝማሪ ቤት ሰፈር ነበር፤ በመልሶ ማልማቱ ብዙው ፈርሷል። ስለዚህ በድሮ አድራሻ አትሂዱ፤ ቀድማችሁ ደውሉ፣ ሰው ጠይቁ። እኛ የሄድንበት ቤት ጠባብ ነበር፤ ማጉያ የለም፣ አንድ ማሲንቆና አንድ ከበሮ። አዝማሪው ዞር ዞር ብሎ እማዬ ጋ ደረሰ። እኔ አፍራ ዝም የምትል መስሎኝ ነበር። እሷ «ተቀበል» አለችው፦

ቤቱ ሩቅ ነው አሉኝ ከከተማው ዳር፤
ለእናት ልብ ቅርብ ነው ባሕር ቢሻገር።

ተቀበላት። ቤቱ በጭብጨባ ተናወጠ። እኔ ዕንባዬን መያዝ አልቻልኩም። ወደ አዝማሪ ቤት ስትሄዱ ታዲያ ዝርዝር ብር ያዙ፤ ለአዝማሪ ሽልማት ደንብ ነው። ገና አመሻሹ ላይ ግቡ፤ እኛ ወደ ዳር ተመላሾች ነን፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ታክሲ ፍለጋ መንከራተት ደስታውን ያበላሻል።

ማምሸት የማይሆንለት ሰው ቴአትር ቤት ይሂድ። ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው፣ ፒያሳ። ብሔራዊ ቴአትር ደግሞ በ1948 ዓ.ም. የተከፈተ ነው፤ ደጁ ላይ ያለውን የድንጋይ አንበሳ የማያውቅ የለም። የቀን ትርኢት ካገኛችሁ ሳይመሽ ቤት ትገባላችሁ። ወንበሩ ይመቻል፣ ድምፁ ልከኛ ነው። ፕሮግራሙን ቀድማችሁ አረጋግጡ። በዐቢይ ጾም ከመጣችሁ አዝማሪ ቤቱን ተዉትና የበገና መርሐ ግብር አፈላልጉ፤ የበገና ወቅቱ ያ ነው።

መሣሪያ ለመግዛት የምትፈልጉ ካላችሁ ልዩነቱን እወቁ። ፖስታ ቤት አካባቢ ባሉት የስጦታ ዕቃ ሱቆች የሚሸጠው ማሲንቆ አብዛኛው ለግድግዳ ነው። ያምራል፣ አይጫወትም። ለመጫወት ከሆነ ከሚጫወት ሰው ጋር ሂዱ፣ ወይም ከሠሪው ግዙ። ቆዳውን በጣት መታ መታ አድርጉት፣ ጥርት ብሎ መጮኽ አለበት። ጭራው የፈረስ መሆኑን ጠይቁ። መቃኛው ከተጠመዘዘ በኋላ ወደ ኋላ የሚንሸራተት ከሆነ ተዉት። ለጀማሪ ክራር ይቀላል፤ አምስት ወይም ስድስት ክር ነው፣ ትዝታን በሳምንት ውስጥ መነካካት ትጀምራላችሁ። እኔ ለልጄ የገዛሁት ክራር ነው፤ ከሦስት ቤት ተዘዋውሬ።

አንዲት ጎረቤት «ከሕፃናት ጋር ከሆንኩስ?» ብላኛለች። ለእሷ ዞማ ሙዚየም፣ መካኒሳ። ለእኛ ትልቁ ጥቅሙ መሀል ከተማ ሳይገቡ በቃሊቲ ቀለበት መንገዱን ይዞ መሄድ መቻሉ ነው። በ2011 ዓ.ም. ተከፈተ። ሕንፃዎቹ ከጭቃና ከጭድ ተሠርተው ግድግዳቸው እንደ ጥልፍ ያጌጠ ነው። የመሠረቱት ሠዓሊው ኤልያስ ስሜና መስከረም አሰግድ ናቸው። ኤልያስ ከተጣለ የኤሌክትሪክ ሽቦና ከኮምፒውተር ቁርጥራጭ ትልልቅ ሥራዎችን ይሠራል። ልጆች በአትክልቱ መሀል እንደልባቸው ይሮጣሉ። እንደ ብሔራዊ ሙዚየም «አትንኩ» እያላችሁ አትደክሙም።

ፒያሳ ለብቻው ግማሽ ቀን ይፈልጋል። በየካቲት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሰፊ ነው፤ ጉልበት ያላቸው ወጣቶች ይወዱታል። አረጋውያንን ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ ውሰዱ። ስምንት ማዕዘኑ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የአፈወርቅ ተክሌ ሥራዎች አሉ፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በ1923 ዓ.ም. የነገሡት እዚያ ነው። የቃሊቲው ባቡር መስመር እስከ ምኒልክ አደባባይ የተዘረጋ ነው፤ እስከዚያ መድረሱን በዕለቱ ጠይቃችሁ ተሳፈሩ። አፈወርቅን የወደደ ሰው የአፍሪካ አዳራሽን 150 ካሬ ሜትር የመስታወት ሥዕልም ማየት አለበት፤ እዚያ ግን ያለ ቀጠሮ በር ላይ መሄድ አያዋጣም።

ሦስተኛ ቀን ካላችሁ መሀል ከተማውን ተዉት። በዓለም ገና በኩል የቡታጅራን መንገድ ያዙ። 50 ኪሎ ሜትር ያህል ስትሄዱ መልካ ቁንጡሬ አለ፤ በ2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ቀጥላችሁ ጢያ። 36 ትክል ድንጋይ፣ ሠላሳ ሁለቱ የተቀረጹ። ሰይፍ የተቀረጸባቸውን ቁጠሩ። መኪና ተከራዩ፤ አምስት ሰው ሲካፈለው ይቻላል። ምሳ ከቤት ያዙ።

የብሎካችን ሰው ሆይ፣ ለአክስትህ ቅዳሜ ስድስት ኪሎና አዝማሪ ቤት፣ እሑድ እንጦጦና ሽሮ ሜዳ። ዓርብ ማታ ደውልልኝ፤ ለእማዬ የዘፈነላት አዝማሪ አሁን የት እንደሚጫወት ጠይቄ እነግርሃለሁ።