ጉልበቷን ከሚያማት እናቴና ከልጄ ጋር ከጎንደር ወጥቼ በቀን የምመለስበት የእግር መንገድ ጠቁሙኝ

ጥያቄ፦ የሳሪስ ልጅ

ጤና ይስጥልኝ የጎንደር ሰዎች። በጥቅምት አጋማሽ እናቴንና የ10 ዓመት ልጄን ይዤ ከአዲስ አበባ እመጣለሁ። አንዱን ቀን ለፋሲል ግቢና ለደብረ ብርሃን ሥላሴ ይዘነዋል። ከዚያ ሦስት ቀን ይተርፈናል። በእግር መሄድ እንፈልጋለን። ተራራም ይሁን ገደል ወይም ሐይቅ፣ ብቻ ዓይን ሩቅ የሚያይበት ቦታ ይሁን። ማታ ማታ ግን ጎንደር ተመልሰን ነው የምናድረው።

እናቴ 64 ዓመቷ ነው። ሜዳ ላይ ሁለት ሰዓት ብትሄድ አይደክማትም፤ ቁልቁለት ነው ጉልበቷን የሚያማት። ጽጌንም ትጾማለች። ልጄ ደግሞ ጭላዳ ዝንጀሮ ካላየሁ ብሎ ይዞኛል። ሰሜን ተራሮች ደርሶ በቀን መመለስ ይቻላል? ካልሆነስ የት ልውሰዳቸው?

የፒያሳ ልጅ

ይቻላል። ደባርቅ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ መንገዱም አስፋልት። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ኮንትራት መኪና ይዛችሁ ተነሱ። እኔ ከጓደኞቼ ጋር ፓርኩ ውስጥ እስካለው የጨነቅ ካምፕ ድረስ ሄጄ በዚያው ቀን ተመልሻለሁ።

የደባርቅ መንገደኛ

ለብዙ ዓመት እንግዳ ይዤ እዚያ መንገድ ላይ ተመላልሻለሁ። ወንድሜ ያለው እውነት ነው፣ ይደረሳል። ግን እህቴ፣ እናትሽንና ልጅሽን ይዘሽ ጨነቅን በቀን አትሞክሪው። ፓርኩ ውስጥ ያለው መንገድ ፒስታ ነው። ቀኑን መኪና ውስጥ ስትንገጫገጩ ትውሉና ለእግር የሚተርፋችሁ አንድ ሰዓት ነው። ከፍታውም አለ። ጎንደር 2,100 ሜትር አካባቢ ነው፣ ጨነቅ 3,620 ሜትር። በአንድ ቀን ያን ያህል ሲወጣ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ የሚይዘው ሰው ብዙ ነው።

ለእናንተ የሚበቃው ቡይት ራስ ነው። ከደባርቅ ወደ ሳንቃበር ካምፕ ስትሄዱ ከፓርኩ መግቢያ ብዙም ሳትርቁ ታገኙታላችሁ። መጀመሪያ ደባርቅ የፓርኩ ቢሮ ገብታችሁ መክፈል አለባችሁ። ስካውት (የፓርኩ ታጣቂ ጠባቂ) እና አስጎብኚም እዚያው ነው የሚመደብላችሁ። መታወቂያ አትርሱ።

ስለ ጭላዳው ልጅሽን አታስቸኩዪው። ጭላዳ ሌሊቱን ገደሉ ላይ ነው የሚያድረው፤ ጠዋት ፀሐይ ስትሞቅ ነው ወደ ሜዳው የሚወጣው። ስለዚህ ረፋዱ ላይ ብትደርሱም ታገኙታላችሁ። ሣር በሊታ ነው። ቁጭ ብሎ በሁለት እጁ እየነጨ፣ እፍኙ ሲሞላ ወደ አፉ ይሰደዋል። መንጋው መሀል ዝም ብላችሁ ከተቀመጣችሁ ሣሩ ሲነጭ ቅጭ ቅጭ ሲል ይሰማችኋል። ወንዱን በጋማው ትለዩታላችሁ። ምግብ ግን አትስጡት። ልጅሽም እየሮጠ አይቅረበው፣ አፋፉ ቅርብ ነው።

ዋልያ አይታችሁ ለመመለስ አታስቡ። እሱን የሚፈልግ ሰው ጨነቅ አካባቢ ያድራል።

የወገራዋ

ሁላችሁም ደባርቅ ደባርቅ ትላላችሁ፣ ኮሶዬን ማን ያንሳላት? ከጎንደር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ አምባ ጊዮርጊስ ሳይደረስ። እኔ እዚያው ስላደግሁ አድልቼ ሊሆን ይችላል፣ ግን ለእናትሽ ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ከአስፋልቱ ወርደሽ ትንሽ እንደሄድሽ መሬቱ ድንገት ያልቃል። ከሥርሽ ገደል፣ ከገደሉ ማዶ ቆላው፣ ከቆላው በላይ የሰሜን ተራሮች ተደርድረው ይታያሉ። አፋፉን ይዞ የሚሄድ የከብት መንገድ አለ። በእሱ ሂዱ። ደጋው መሬት ላይ ስለሆነ ብዙ ውጣ ውረድ የለውም። ወደ ታች የሚወርደውን ግን ተዉት፣ ጉልበት የሚያደቀው እሱ ነው።

በጥቅምት ገብሱ እየቀላ ነው፣ ሣሩም ገና አልደረቀም። እስከ ረፋድ ድረስ ሂዱ። ከሰዓት በኋላ ከቆላው ጉም እየተነሳ ገደሉን የሚሸፍንበት ቀን አለ። የሰፈር ልጆች እንምራችሁ ብለው ከመጡ አንዱን ያዙት፣ መንገዱን ያውቀዋል። ዋጋውን ግን ቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ልብስ ደርቡ። በጥቅምት አንድ አጥንት የተባለው ለከተማ ሰው ብቻ አይደለም፤ እኛ ጋ ብርዱ አጥንት ይገባል። ጾመኛ ስለሆኑ ስንቁን ከጎንደር ያዙ። በሶና ቆሎ፣ ሻይ ደግሞ በፔርሙዝ።

የሳሪስ ልጅ

እግዚአብሔር ይስጥልን። እንግዲያው አንድ ቀን ኮሶዬ፣ አንድ ቀን ቡይት ራስ ልበል። ሁለቱን በተከታታይ ቀን ማድረግ እናቴን አያደክማትም? ሦስተኛውስ ቀን?

የቁስቋም ሰፈር አባት

ልጄ፣ መሀሉ ላይ አንድ ቀን አሳርፊያቸው። ማረፍ ስልሽ ቤት ይዋሉ ማለቴ አይደለም። ከፋሲል መዋኛ ተነስታችሁ ቀስ እያላችሁ ወደ ቁስቋም ውጡ። እየተጨዋወቱ እየቆሙ ቢሄዱ ከአንድ ሰዓት ብዙ አይበልጥም። ዳገት ቢሆንም የሚያስቸግር አይደለም። ለመውረድ ሲሆን ባጃጅ ያዙላቸው።

እቴጌ ምንትዋብ ባላቸው አፄ በካፋ በ1730 እ.ኤ.አ. ካረፉ በኋላ ቤተ መንግሥታቸውን ያሠሩት እዚያ ነው። የእሳቸው፣ የልጃቸው የአፄ ኢያሱና የልጅ ልጃቸው የኢዮአስ አፅምም እዚያው ነው። ከግንቡ ሥር ሆነው ወደ ከተማው ሲያዩ ነፋሻ ነው፣ ጸጥታ አለው።

እናትሽ ጽጌን የሚጾሙ ከሆነ ደግሞ ቦታው ለእሳቸው የተለየ ነው። ጾሙ መስከረም 26 ገብቶ ኅዳር 5 ያበቃል። በማግስቱ፣ ኅዳር 6፣ የቁስቋም በዓል ነው። የእመቤታችንን ስደት እያሰቡ ጾመው ቁስቋም ደጅ መድረስ ለእናት ትልቅ ነገር ነው። ነጠላቸውን ይያዙ።

የደምቢያ ልጅ

ጎርጎራን ረሳችኋት! ጣናን ሳያዩ ሊመለሱ ነው? በአዘዞ፣ በቆላ ድባ፣ በጯሂት አድርጋችሁ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ በደምቢያ ሜዳ መሀል ስለሚያልፍ ዳገት የለውም። ሐይቁ ዳር ደብረ ሲና ማርያም አለች፣ ክብ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ናት፣ ግድግዳዋ በሥዕል የተሞላ። ከዚያ ዳር ዳሩን በእግር መሄድ ነው። ጎንደር ሳትቆረቆር አፄ ሱስንዮስ እዚያ አካባቢ ከትመው ነበር። ሲመሻሽ ታንኳ ላይ ያሉ ዓሣ አጥማጆች ይታያሉ። ትኩስ ዓሣም አለ።

የወገራዋ

ጽጌ ላይ ናቸው እኮ፣ ዓሣ ላይበሉ ይችላሉ።

የደምቢያ ልጅ

እውነትሽን ነው፣ ይቅርታ። ሽሮ አይጠፋም። ልጁ ግን ዓሣውን ይብላ።

የደባርቅ መንገደኛ

ወደየትም ስትወጡ ከመነሳታችሁ በፊት በዋዜማው መናኸሪያ ሄዳችሁ ሹፌሮቹን ስለ መንገዱ ሰላም ጠይቁ። ከእነሱ የቀረበ መረጃ የለም። ጨለማ ሳይይዛችሁ ተመለሱ።

የሳሪስ ልጅ (ከጉዞው በኋላ)

ተመልሰናል፣ እንደነገራችሁኝ ነው ያደረግነው። ኮሶዬ ሄድን፣ በማግስቱ ቁስቋም፣ ከዚያ ቡይት ራስ። ጎርጎራ አልደረሰንም።

ኮሶዬ ላይ እናቴ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ለረጅም ጊዜ ምንም አልተናገረችም። ነፋሱ ነጠላዋን ሲያነሳው በጥርሷ ይዛ፣ በጣቷ ተራሮቹን አንድ በአንድ ትቆጥር ነበር። ቁስቋም ላይ ጫማዋን አውልቃ ገብታ እንባዋ መጣ። ቡይት ራስ ላይ ልጄ 43 ጭላዳ ቆጠርኩ ይላል፣ አንዲት ግልገል እናቷ ጀርባ ላይ ሆና አጠገቡ አልፋለች። ቅጭ ቅጭ የሚለውን ሁላችንም ሰማን።

አንድ ያጠፋሁት ነገር ቢኖር፣ የያዝኩት ሹፌር ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ዘግይቶብኝ ዝም ማለቴ ነው። በዚያ ምክንያት ጎንደር የገባነው መሽቶ ነው። የምትሄዱ ሰዎች መነሻ ሰዓቱን ከዋጋው ጋር አብራችሁ ተዋዋሉ። ለጉልበቷ ደግሞ ምርኩዝ ገዛንላት፣ በጣም ጠቅሟታል።

እናቴ አሁን ለኅዳር 6 ካልተመለስኩ ብላለች። አልጋ ቀድሜ ልያዝ?

የቁስቋም ሰፈር አባት

እንኳን በሰላም ገባችሁ ልጄ። አዎ፣ ቀድመሽ ያዢ፤ ወደ ቁስቋም በቀረበ በኩል ይሁንላቸው። ማኅሌቱ ሌሊት ስለሆነ ነጠላ ብቻ አይበቃም፣ ጋቢ ጨምሪላቸው። ምርኩዙንም ይዘው ይምጡ።