ኬሞ ከተሰጠ ከማግስቱ ጀምሮ የሚመጣ ማስመለስ፦ ኦንዳንሴትሮን ለምን አልበቃም?

አስታማሚ፦
እናቴ ለጡት ካንሰር ዶክሶሩቢሲንና ሳይክሎፎስፋማይድ ትወስዳለች። ከኬሞው በፊት ኦንዳንሴትሮንና ዴክሳሜታሶን (የማስመለስ መከላከያዎች) በደም ሥር ይሰጣታል፤ ለቤት ደግሞ ኦንዳንሴትሮን 8 ሚ.ግ. በቀን 2 ጊዜ ታዞላታል። የመጀመሪያው ቀን ደህና ነች፤ ከማግስቱ እስከ 4ኛው ቀን ግን ታስመልሳለች። መጠኑ ይጨመር ወይስ መድኃኒቱ ይቀየር?

ክሊኒካል ፋርማሲስት፦
መጠን መጨመሩ ብዙም አይጠቅማት። ኦንዳንሴትሮን የሚዘጋው ማስመለስን ከሚቀሰቅሱ የሰውነት ኬሚካሎች አንዱን፣ ሴሮቶኒንን ነው፤ ሴሮቶኒን ደግሞ ጉልበቱ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን በዋናነት የሚቀሰቅሰው ሰብስታንስ ፒ የሚባል ሌላ ኬሚካል ስለሆነ መዝጊያው ሌላ ነው፦ አፕሪፒታንት፣ በ1ኛው ቀን 125፣ በ2ኛውና በ3ኛው 80 ሚ.ግ.። እናትሽ የሚወስዷቸው ሁለቱ መድኃኒቶች አንድ ላይ ሲሰጡ ክፉኛ ከሚያስመልሱት ይመደባሉ። ለእነዚህ የሚመከረው መከላከያ አራት ነው፦ ኦንዳንሴትሮን (ወይም ፓሎኖሴትሮን)፣ ዴክሳሜታሶን፣ አፕሪፒታንት፣ ኦላንዛፒን። አፕሪፒታንት ዴክሳሜታሶን (ዴክሳ) በጉበት የሚወገድበትን ስለሚያዘገየው የ1ኛው ቀን ዴክሳ ከ20 ወደ 12 ሚ.ግ. ይወርዳል። ይሄ ብዙ ጊዜ ይረሳል።

አስታማሚ፦
አፕሪፒታንት ባይገኝስ? ኦላንዛፒን የአእምሮ ሕመም መድኃኒት አይደለም እንዴ?

የኦንኮሎጂ ነርስ፦
ነው፤ ግን እዚህ የሚሰጠው ለ4 ቀን ብቻ፣ ለማቅለሽለሽ ነው። ከመድኃኒቱ ጋር የሚመጣውን ማስታወሻ አንብበው ኪኒኑን የሚጥሉ ቤተሰቦች ስላሉ ቀድመሽ ንገሪያቸው። ማታ ሲተኙ ይወሰዳል። እንቅልፉ ስለሚከብድ በዕድሜ ለገፉ 10 ሳይሆን 5 ወይም 2.5 ሚ.ግ. ይመረጣል፤ ሌሊት ሲነሱ እንዳይወድቁ ደግፏቸው። ከፕላዚል (ሜቶክሎፕራማይድ፣ ሌላ የማስመለስ መድኃኒት) ጋር አታደራርቡት፤ ሁለቱም ዶፓሚን የተባለውን የአንጎል ኬሚካል ስለሚዘጉ የአንገትና የመንጋጋ መወጠር ያመጣሉ።

ክሊኒካል ፋርማሲስት፦
አፕሪፒታንት ከጠፋ ኦላንዛፒን፣ ዴክሳ 20 ሚ.ግ. በ1ኛው ቀን፣ ከተገኘም ፓሎኖሴትሮን ጥሩ ጥምረት ነው። ለውጡን ግን ሐኪማቸው ይዘዘው፤ ኦንዳንሴትሮንም ኦላንዛፒንም የልብ ምት ላይ ጫና ስላላቸው፣ ማስመለሱም ፖታሲየም ስለሚያወርድ ኢሲጂ (የልብ ምት ምርመራ) ሊያስፈልግ ይችላል።

የኦንኮሎጂ ነርስ፦
አንድ ነገር ልጨምር። ኦንዳንሴትሮን ሆድ ያደርቃል፤ የ4ኛው ቀን ማቅለሽለሽ አንዳንዴ ከድርቀቱ ነው፤ ሰገራ መውጣቱን ጠይቂ። የታዘዘውን ማስመለስ እስኪጀምር ሳትጠብቂ በሰዓቱ ስጪ። ለ24 ሰዓት ውኃ እንኳ ካልረጋ፣ ሽንት ከቀነሰ ወይም ትኩሳቱ 38 ከደረሰ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ወደ ሆስፒታል ውሰጃቸው።